የወዳጅነት ልክ

በ2081 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ከሳልቬና ሪፐብሊክ ተምረው የተመለሱ አርባ ሦስት ወዳጆች ነበሯት። «ወዳጅ» በዚያን ጊዜ የማዕረግ ስም ነው፤ ከዶክተርም ከኢንጂነርም በፊት ይጻፋል። ዘምዘም ይመር አርባ ሦስቱንም በስም፣ በቤት ቁጥርና በልብ ምት ታውቃቸዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። በተመላሾች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ በየስድስት ወሩ በየቤታቸው እየዞረች ትለካቸዋለች።

መለኪያው ከመዳፍ የማይበልጥ ጠፍጣፋ መሣሪያ ነው። ተለኪው አውራ ጣቱን ያሳርፍበትና ዘምዘም ፎቶግራፎች ታሳየዋለች፤ የሳልቬናን ወደብ፣ የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ፣ በረዶ የለበሰ የአውቶቡስ ፌርማታ። ቀጥላ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። መሣሪያው ከመቶ የታሰበ ቁጥር ይሰጣል። ከሰባ በታች የወረደ ወዳጅ እንደ ታማሚ ይቆጠርና የማደሻ ጉዞ ይዘጋጅለታል። ዘምዘም በዐሥራ አራት ዓመት ሥራዋ ከሰማንያ የወረደ ገጥሟት አያውቅም።

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሄደችው ጌትዬ ዘንድ ነበር። ጌትዬ የከተማው የውኃ ጥራት ኃላፊ ነው፤ ሰባት ዓመት ሳልቬና ተምሮ ከተመለሰ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሠላሳ ያልሞላው፣ ትሑት፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ ልጅ ነው። እንደ ሁልጊዜው ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ እጁን ታጥቦ ጠበቃት።

«እትዬ ዘምዘም፣ እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ ብርድ ብርድ ይላል አይደል?»

«ብርድ ነው የኔ ወንድም። በል አውራ ጣትህን።»

የወደቡን ፎቶ ስታሳየው ትከሻው ላላ አለ። ፊቱ ላይ እንደ ተኛ ሕፃን ያለ ሰላም ወረደ። ጥያቄዎቹንም ሳያመነታ መለሰ። ዘጠና ስምንት። ዘምዘም መዘገበች፣ እሱ ፈረመ፣ ተመሰጋግነው አለቀ።

የግቢው በር ላይ ግን እናቱ እማማ አለሚቱ ክንዷን ያዟት። ካለፈው ጉብኝት ወዲህ በጣም ከስተዋል፤ የእጃቸው ቆዳ በየቦታው ተልጧል።

«ዘሙ፣ ያ መሣሪያሽ ልጄ ውስጥ ምንድነው የሚያየው?»

«ለተማረበት አገር ያለውን ፍቅር ነው እማማ። ሌላ ነገር አይነካም።»

አሮጊቷ ወደ ቤቱ ዞር ብለው ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ አይደለም አልልም። ልጄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬን ያጥበኛል፤ ሲያመኝ ያለቅሳል። ግን ይኸውልሽ፣ የሳልቬናዎቹ የባትሪ ፋብሪካ ከላይ ከተተከለ ወዲህ ጉድጓዳችን ጣዕሙ ተለወጠ። ልጄ ራሱ ቀድቶ ወስዶ መረመረው። ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ እያየው እንባው ይወርዳል። 'እማዬ፣ ከእንግዲህ እንዳትጠጪው፣ ይገድልሻል' አለኝ። 'ከፋብሪካው ነው እንዴ?' ብዬ ጠየቅኩት። ያኔ ፊቱ ተዘጋ። 'ከነሱ ሊሆን አይችልም' አለ። እንባው ሳይደርቅ፣ እዚሁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሰፈሩ ውኃ ደህና ነው ብሎ ፈረመበት።»

«ነግረውታል ይህን?»

«በየቀኑ እነግረዋለሁ። ይሰማኛል። ከዚያ ይስመኝና ወደ ሥራው ይሄዳል።»

ዘምዘም እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። የአንዱ ሚስት፣ የሌላው አባት በር ላይ እየጠበቁ ነግረዋታል። ቅጹ ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ጽፋው አታውቅም። «አላህ ይማርዎት» ብላ ወጣች።

ቢሮ ስትደርስ አለቃዋ አቶ ሙሄ ታደገ በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። በሰው ደስታ የሚደሰቱ፣ ክፉ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«ዘምዘም! አልሐምዱሊላህ በይ! ሉባባ አለፈች!»

የበሩን መቃን ያዘች።

ሉባባ አንድ ልጇ ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ። አባቷ አራጋው ሐዲድ ሲጠግን በአደጋ ከሞተ በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ልጅቷ የሳልቬናን ፈተና ልፈተን ስትል ዘምዘም አልከለከለችም፤ ከስንት ሺህ ተፈታኝ ዐሥር ብቻ ስለሚወሰድ፣ አትደርስም ብላ ነበር ራሷን ያጽናናችው።

«ምነው? ደስታ ነው አይደል?» አሉ አቶ ሙሄ።

«ደስታ ነው አቶ ሙሄ» አለች።

ቤቷ ስትደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ርእሰ መምህሩ መጥተዋል፤ ጎረቤቶች መጥተዋል፤ ጨርሶ የማታውቃቸው እናቶች ልጆቻቸውን አሰልፈው መጥተዋል። ነገሩ የሉባባ ብቻ አልነበረም። ከአንድ ትምህርት ቤት ልጅ ከተመረጠ ለመጪው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ቦታ ይጨመርለታል። የተመረጠው ልጅ ከቀረ ግን ትምህርት ቤቱ ለአምስት ዓመት ከውድድር ይታገዳል። አምስት ዓመት ማለት የነዚያ የተሰለፉ ልጆች ዕድሜ ማለት ነው። አንዷ እናት የዘምዘምን እጅ ስማ «የኛም ተስፋ እኮ ነች» አለቻት። ዘምዘም እጇን መንጠቅ አልቻለችም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሉባባ የደንብ ልብሷን ስትተኩስ፣ ዘምዘም በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አትሄጂም።»

ሉባባ ካውያውን አስቀመጠች። «ምን?»

ዘምዘም የእማማ አለሚቱን ነገር ነገረቻት። የሌሎቹንም ነገረቻት፤ ሚስቱን ትቶ ለሳልቬና ኩባንያ የመሰከረውን፣ የገዛ ወንድሙ ፋብሪካው በር ላይ ሲደበደብ ቆሞ ያየውን። ልጅቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ዐሥራ አራት ዓመት ስትለኪያቸው ኖረሻል እማ። የሰው ልጅ ሲሆን ዝም፤ የራስሽ ስትሆን ነው መርዝ የሆነው?»

ሉባባ የተናገረችው ለራሷም ከብዷት መጥታ እናቷን አቀፈቻት።

«ደግሞ እኔ ጌትዬን አይደለሁም። ሕክምና ተምሬ እመጣለሁ፤ በቃ። ያልወደድኩትን ማን ነው በግድ የሚያስወድደኝ?»

«እነሱም እንዲህ ብለው ነው የሄዱት» አለች ዘምዘም። ሉባባ ግን አልሰማቻትም፤ ወይም ላለመስማት ካውያውን አንሥታ ነበር።

ተመራጭ ተማሪ ከመሄዱ በፊት አሳዳጊውም ይለካል። ለወጉ ያህል ነው፤ ወላጅ ሁሉ በደስታ ሰክሮ ስለሚለካ ከሰባ በታች አይመጣም። ደንቡ የአሳዳጊው ልክ ከአርባ በታች ከሆነ ተማሪው አይጓዝም ይላል። ዘምዘም ይህችን አንቀጽ በቃሏ ታውቃለች። የምታግደውም ተማሪውን ብቻ እንጂ ትምህርት ቤቱን አይደለም ብላ አስባለች። ከሥሯ ያለውን አንቀጽ ግን፣ ለማንም አስፈልጎ ስለማያውቅ፣ አንብባው አታውቅም።

ሐሙስ ቀን ባልደረቦቿ ምሳ ሲወጡ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። በዐሥራ አራት ዓመት ራሷን ለክታ አታውቅም። የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ፤ ወደቡ፣ ሰማያዊው ውኃ፣ ነጫጭ ጀልባዎቹ። ስንት ጊዜ አይታዋለች። ዛሬ ግን ሉባባን እዚያ ወደብ ላይ ቆማ አየቻት፤ ጀርባዋን ሰጥታ። ስትዞር ፊቷ የጌትዬ ፊት ነበር። የዘምዘም ጣት በላብ ረጠበ። ፍርሃቷን እንደ ልማዷ አልያዘችውም፤ ለቀቀችው። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ እስኪሰማት ድረስ መታ።

ዐሥራ አንድ።

ቁጥሩን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ላከችው።

በማግስቱ ዓርብ አቶ ሙሄ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ዘምዘም፣ ምን አደረግሽ?»

«ተለካሁ።»

«ሊያነጋግሩሽ ይመጣሉ» አሉና ማንም አጠገቧ እንዳያያቸው ይመስል ፈጥነው ሄዱ።

የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእግሯ። የሳልቬና የወዳጅነት ጽሕፈት ቤት ተጠሪ ናት፤ ስሟ ኢሊን ይባላል። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ጸጉሯን እንደ ነገሩ ጠቅልላ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምታለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። አማርኛዋ የወሎ ሰው አማርኛ ነው።

«አብሽሪ ዘምዘም፣ ቁጭ በይ። እኔ ነኝ ቤትሽ ድረስ መጥቼ ያስቸገርኩሽ።»

ብትቆጣ ለዘምዘም ይቀላት ነበር። ኢሊን ግን አልተቆጣችም። የአራጋውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አይታ ነፍስ ይማር አለች። ሉባባን ስለ ፊዚክስ ውጤቷ አመሰገነቻት። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ዘምዘም ዞረች።

«ዐሥራ አንድ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የኛ ነው። ይህን ያህል ዓመት ስታገለግይን አንድ ቀን ነይና እዪን አላልንሽም። ደንባችን ለዚህ መፍትሔ አለው፤ የአሳዳጊ ስኮላርሺፕ ይባላል። ዐሥር ሳምንት ነው። ትመጫለሽ፣ ታዪናለሽ፣ ትመለሻለሽ። ከዚያ እንደገና ትለኪያለሽ።»

ዘምዘም ያላነበበችው አንቀጽ ይህ ነበር።

«አልሄድም ብልስ?»

«ምንም አትሆኚም። ወላሂ። የሉባባ ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ አሳዳጊ እምቢ ሲል እንደ ቀረች ስለሚቆጠር የትምህርት ቤቱም ጉዳይ በደንቡ መሠረት ይሆናል። ከዚህ ሌላ ማንም ክፉ ቃል አይናገርሽም።»

በመስኮቱ በኩል ጎረቤቶቹ ይታያሉ። ሃያ ያህል ናቸው። አይጮኹም፣ አያንኳኩም። ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከግቢው አጥር ውጭ ቆመው የዘምዘምን በር ያያሉ።

ሉባባ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «ዐሥር ሳምንት እኮ ነው እማ። ዓይንሽ አይቶ ይፍረድ። ከተመለስሽ በኋላ አትሂጂ ካልሽኝ አልሄድም፤ በአላህ።»

ዘምዘም አሰበች። እኔ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አይደለሁም። የሚሠሩትን ዐውቄ ነው የምሄደው። አድብቼ አያቸዋለሁ፤ እንዴት እንደሚያደርጉት አይቼ እመለሳለሁ፤ ልጄም ያኔ ታምነኛለች። እንዲህ እያሰበች እጆቿ ግን ቀሚሷን ጨብጠው አልለቅ ብለዋታል።

«እሺ» አለች።

ሳልቬና ውስጥ ከዐሥራ አንድ አገር የመጡ ሠላሳ ስድስት አሳዳጊዎች ነበሩ። የተመደቡት በየሰው ቤት ነው። ዘምዘም ዶርታ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት ደረሳት። ክፍሏ ባሕሩን ያያል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳቦና የታሸገ ውኃ ብቻ ቀመሰች። ዶርታ ሁለት ቀን አይታ በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤቱን ቁልፍ ሰጠቻት። ከከተማው ዳር ሙስሊሞች የሚያርዱት ሥጋ ፈልጋ በአውቶቡስ ሄዳ ገዛችላት፤ በርበሬም ከየትም አምጥታ አስቀመጠችላት። ዘምዘም ቁምሳጥኑን፣ የመብራቱን ሥር፣ የትራሱን ውስጥ ፈተሸች። ምንም የለም። ሐኪም አልነካትም፤ መርፌ አልተወጋችም። ጠዋት ጠዋት ቋንቋ ይማራሉ፤ ከሰዓት ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ የከተማው ሰው እቤቱ ይጋብዛቸዋል። ማንም ስለ ሳልቬና አይሰብካቸውም። ስለ ፋብሪካው ስትጠይቅ አስተማሪው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ጻፈው፤ በማግስቱ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጣት።

የሚያስፈራት ይህ ነበር። የምትታገለው ነገር ፈልጋ አጣች። በር ለመግፋት ትከሻዋን አዘጋጅታ ስትደርስ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል።

ስለዚህ የራሷን ዘዴ አበጀች። በየጠዋቱ መስተዋት ፊት ቆማ ሦስት ነገር ትቆጥራለች፦ የእማማ አለሚቱ ጉድጓድ፤ የጌትዬ ፊት፤ ዐሥራ አንድ። ስትቆጥር ሆዷ ይሸበራል፤ ሲሸበር ደህና መሆኗን ታውቃለች።

በአራተኛው ሳምንት ዶርታ ስለ ባሏ ነገረቻት። ዘምዘምም ስለ አራጋው ነገረቻት። አራጋው ከሞተ ጀምሮ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም። ዶርታ ምንም ሳትል አብራት አለቀሰች።

በስድስተኛው ሳምንት ሦስቱን ነገሮች ጸጉሯን እያበጠረች ቆጠረቻቸው፤ ከገበያ የሚገዛ እንደሚቆጠር። ሆዷ አልተሸበረም። ደግማ ቆጠረች። አሁንም ምንም የለም። ያን ቀን ትምህርት ሳትሄድ አልጋ ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ ልጄን፣ ልጄን እያለች፣ ፍርሃቷን እንደ ጠፋ ቁልፍ ስትፈልግ። ወደ ማምሻው ትንሽ መጣላትና በደስታ ተንሰቀሰቀች።

በስምንተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መቁጠሩን ረሳችው። ምሳ ላይ ትዝ ሲላት ሳቀች። ሳቁ ከአፏ እንደ ወጣ ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ የገባ መሰላት፤ አንድ ነገር ሊይዝ እንደ ፈለገ ሰው እጇን ዘረጋች። ዶርታ «በረደሽ?» ብላ መስኮቱን ዘጋችላት። ቅዝቃዜው ቀረ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በየካቲት አጋማሽ፣ በእኩለ ቀን፣ ኮምቦልቻ ጣቢያ ከባቡር ስትወርድ ሉባባ ብቻዋን ቆማ ጠበቀቻት። ልጅቷ ከስታለች። ጥቁር ለብሳለች።

«ማን ሞተ?» አለች ዘምዘም።

«እማማ አለሚቱ።»

ዘምዘም እዚያው ሻንጣዋን ጥላ አለቀሰች። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ አሮጊቷን ትወዳቸው ነበር። ሉባባ የምታለቅሰውን እናቷን አቅፋ ወደ ቤት ወሰደቻት። ቤት ሲገቡ በሩን ዘጋችና የሆነውን ነገረቻት።

«ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ 'ውኃው ነው የገደላቸው፣ ፋብሪካው ነው' ይላል። ጌትዬ ሰማ። ከድንኳኑ መሐል ተነሣ እማ። ዓይኑ አብጧል፣ ድምፁ ጠፍቷል፤ የእናቱ አፈር ገና አልደረቀም። 'እባካችሁ እንዲህ አትበሉ፤ እነሱ ጥሩ ሰዎች ናቸው' ብሎ ለመናቸው። ለመናቸው! አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው ሲወጡ እግራቸው ላይ ወደቀ።» ሉባባ ፊቷን ጠረገች። «ልክ ነበርሽ። ያኔ የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ። እኔ አልሄድም። ለሰፈሩ ሰው እኔው ራሴ እነግራለሁ፤ ቢሰድቡኝም ይስደቡኝ።»

ዘምዘም ይህን ቃል ለመስማት ኅዳርን በሙሉ ስትጸልይ ነበር። ትዝ ይላታል። የጸለየችበት ምንጣፍ፣ የጸሎቷ ቃል፣ የእንባዋ ጨው ሳይቀር ትዝ ይላታል። አሁን ቃሉ ሲመጣ ግን ውስጧ የተሰማት ሌላ ነው። ዶርታ ታወሰቻት። ዶርታ ባሕሩን የሚያየውን ክፍል ለሉባባ አሰናድታ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፋ ትጠብቃለች። ሳትመጣ ብትቀር እንዴት ታዝናለች!

«ትንሽ አስቢበት የኔ ልጅ» አለች በለሆሳስ።

ሉባባ ቀና አለች።

«ስለ ጉድጓዱ እኔም ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የሰሙኝ፤ እዚህ አገር ማን እንዲህ ሰምቶን ያውቃል? የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። ጉድለት ካለም ያስተካክላሉ። ደግሞ ባሕሩን ብታዪው...»

«እማ።»

«ወዬ።»

«ምን አደረጉሽ?»

«ምንም አላደረጉኝም ሉባባ» አለች። እውነቷን ነበር። «ምንም። አስተናገዱኝ እንጂ።»

ሉባባ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። እናቷን እያየች፣ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ቀስ እያለች ሸሸች። ዘምዘም ልጇ እንዲህ ስታያት አይታ አታውቅም፤ ሕፃን ሳለች እንኳ ከጅብ ድምፅ የምትሸሸው ወደ እናቷ ነበር። አዘነችላት። ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ አልመጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ሉባባ ትንሽ ቦርሳ ይዛ በር ላይ ቆመች። «ወረኢሉ እሄዳለሁ፤ አክስቴ ዘንድ። ነገሩ እስኪበርድ ነው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለማንም አልናገርም» አለች ዘምዘም። ከልቧ ነበር ያለችው።

ሳመቻት። የልጅቷ ጉንጭ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

ዘምዘም በሳምንቱ ቢሮ ገባች። አቶ ሙሄ ለኳት፤ ዘጠና አራት። እንኳን ደስ አለሽ ሲሏት ድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ነበረ። ዐይናቸውን ሰበሩ፤ ወረቀቱን ሲያቀብሏት ጣታቸው ጣቷን እንዳይነካው ተጠነቀቁ። ያመመው ሰው መሰሏት፤ ሻይ ታመጣላቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ኢሊን የደወለችው ከቀትር በፊት ነው። እንዴት ተመለስሽ፣ ዶርታን ናፍቀሻታል፣ ሉባባስ ተዘጋጀች ወይ አለቻት። ዘምዘም ልጅቷ ትንሽ ፈርታ እንደሆነ አስረዳቻት። ኢሊን የት እንዳለች ጠየቀቻት። ዘምዘም ቃሏን አልረሳችም፤ ለማንም አልናገርም ብላለች። ኢሊን ግን ለሷ «ማንም» አልነበረችም። ወረኢሉ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ብላ ነገረቻት። መንገዱ ከጃማ በኩል እየተጠገነ ስለሆነ በሌላኛው እንዲሄዱም መከረቻት።

ሁለት ቀን አለፈ። ዘምዘም ግቢዋ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ሳለ ስልኳ ጠራ። ሉባባ ናት።

«እማ» አለች። ድምፅዋ ከትንፋሽ አይበልጥም። «በር ላይ መኪና ቆሟል። ሁለት ሴቶች ወርደዋል። አክስቴ ገበያ ናት፤ ብቻዬን ነኝ።»

«መጡ እንዴ? ቶሎ ደረሱ።»

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«አዎ የኔ ልጅ።»

በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ የሴት ድምፅ በጠራ አማርኛ «ሉባባ፣ አብሽሪ፣ እኛ ነን» አለ። ሉባባ ታለቅስ ጀመር። እንደ ሕፃንነቷ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ እየተንሰቀሰቀች።

ዘምዘም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ይህን ስትሰማ መጮኽ የነበረባት አንዲት ሴት እንደ ነበረች ታውቃለች፤ ስሟንም ታሪኳንም ታውቀዋለች። ጠበቀቻት። አልመጣችም። ልቧ በዝግታ፣ በእኩል ይመታል። ፀሐዩ ጥሩ ነው፤ ልብሱ ቶሎ ይደርቃል።

«ክፈቺላቸው እንጂ ሉባባ» አለች፤ ልጇን እያባበለች። «ሩቅ መንገድ ነው የመጡት። ፀሐይ ላይ አታቁሚያቸው።»

ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ የበሩ መቀርቀሪያ ሲሳብ እስክትሰማ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀች።